ከመጠገን ወደ መተካት፦ የኦፕቲካል ቴሌኮሙኒኬሽን መሣሪያዎች ክፍሎች አተካክ ታሪክና ለቴክኒክ ትምህርት ያለው ቁም ነገር

1. መግቢያ

በአንድ የቴሌኮሙኒኬሽን ጣቢያ የሚሠራ ቴክኒሽያን በኦፕቲካል ማስተላለፊያ መሣሪያ ላይ ብልሽት በደረሰ ጊዜ የሚያከናውነው ተግባር ለተመልካች እጅግ ቀላል መስሎ ይታያል። የተበላሸውን ካርድ ከመደርደሪያው ይነቅላል፤ ተመሳሳዩን ካርድ በቦታው ይሰካል፤ ቀዩ የማስጠንቀቂያ መብራት ጠፍቶ አረንጓዴው ይበራል፤ ሥራው በዚህ ያበቃል። መበየጃ ካውያ አልተነሣም፤ የወረዳ ሥዕል አልተዘረጋም፤ አንድም ሽቦ አልተቈረጠም።

ይህ ቀላልነት በሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት ላይ ለተሰማራን ሰዎች ከባድ ጥያቄ አስከትሎብናል። ይኸውም፦ ሥራው ነቅሎ ከመሰካት የማያልፍ ከሆነ ሠልጣኙን የኤሌክትሮኒክስና የብርሃንን ሳይንስ ማስተማር ለምን ያስፈልጋል? የሚለው ነው። አንዳንድ የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሥልጠናውን ጊዜ በማሳጠር የአሠራር ቅደም ተከተሉን ብቻ ማስጠናት ይበቃል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ቀድሞ ይሰጥ የነበረው ሰፊ ትምህርት እንዳለ ሊጠበቅ ይገባል ባዮች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር ዘንግተዋል። እሱም መተካት የሚባለው ሥራ ራሱ ታሪክ ያለው መሆኑን ነው። ሥራው ዛሬ የያዘውን መልክ እንዴት እንደያዘ ከታወቀ ለሠልጣኙ ምን ማስተማር እንደሚገባ መወሰን አያዳግትም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ታሪክ ባጭሩ መተረክና ለክፍል ትምህርት የሚበጀውን ቁም ነገር ማውጣት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲል ይጠየቃል።

2. በዐይን የሚታይ፣ በጆሮ የሚሰማ ብልሽት

በአገራችን ቴሌኮሙኒኬሽን የተጀመረው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1894 ነው። ጥቂት ዓመታት ቈይቶ አዲስ አበባንና ሐረርን ያገናኘው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። በዚያ ዘመን ብልሽት ማለት በአብዛኛው የተበጠሰ ሽቦ ወይም የወደቀ ምሰሶ ስለ ነበር ጠጋኙ መስመሩን ተከትሎ ሄዶ ያገኘዋል፤ ያገኘውንም በእጁ ይቀጥላል። ስልክ የሚለው ቃል ራሱ ከዓረብኛ የመጣ ሆኖ ትርጉሙ ሽቦ ማለት መሆኑ የዘመኑን ሥራ ጥሩ አድርጎ ይገልጸዋል።

በ1891 አልመን ስትሮውጀር የተባለው አሜሪካዊ በራሱ የሚሠራ የስልክ ማዞሪያ ፈልስፎ የባለቤትነት መብት አወጣ። የስትሮውጀር ማዞሪያ በሚንቀሳቀሱ የብረት ክንዶች የተሠራ በመሆኑ የጠጋኙ ሙያ የስሜት ሕዋሳቱን መሠረት ያደረገ ነበር። የሚንቀጫቀጨውን ድምፅ በጆሮው ይለያል፤ የተቃጠለውን መጠምጠሚያ በአፍንጫው ያገኛል፤ የተበላውን መገናኛ በዐይኑ አይቶ በጥሩ ሞረድ ያስተካክላል። በዚህ ሁኔታ ብልሽትን ማግኘትና ብልሽትን ማስወገድ በአንድ ሰው እጅ የሚፈጸሙ የማይነጣጠሉ ተግባራት ነበሩ።

ቫልቭ በሥራ ላይ ሲውል ይህ አሠራር መለወጥ ጀመረ። ቫልቭ እንደ አምፖል የሚያልቅ ዕቃ ስለ ሆነ ከመጀመሪያው በሶኬት ላይ እንዲሰካ ተደርጎ ተሠራ። ስለሆነም ጠጋኙ ለመጀመሪያ ጊዜ የማይጠግነውን፣ የሚጥለውንና በሌላ የሚተካውን ዕቃ በእጁ ያዘ። ነገር ግን መተካት በማይቻልበት ቦታ ምን ይደረግ? በመስከረም 1956 ሥራ የጀመረው ታት-1 የተባለው የመጀመሪያው የአትላንቲክ የስልክ ባሕር ገመድ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠውን መልስ ያሳያል። ገመዱ 36 የስልክ መስመሮችን ይዞ ስኮትላንድን ከኒውፋውንድላንድ ያገናኝ ነበር። በውቅያኖስ ወለል ላይ የተኛውን ማጎልበቻ ከፍቶ ቫልቭ መለወጥ የማይሞከር በመሆኑ መሐንዲሶቹ ቫልቮቹ ያለ ጥገና 20 ዓመት እንዲያገለግሉ አድርገው አሠሩአቸው። ገመዱም እስከ 1978 ድረስ አገልግሏል። ከዚህ የምንረዳው አንድን ዕቃ የሚተካ ወይም የማይተካ የሚያደርገው የዕቃው ተፈጥሮ ብቻ ሳይሆን ንድፍ አውጪው አስቀድሞ የሚወስነው ውሳኔ መሆኑን ነው።

3. የካርዱ መወለድና የብልሽት መዝገበ ቃላት

በ1947 በቤል ላቦራቶሪ ትራንዚስተር ከተፈለሰፈ በኋላ የኤሌክትሮኒክስ ወረዳዎች እያነሱና እየተጠጋጉ ሄዱ። ብዙ ትናንሽ ክፍሎች በአንድ የታተመ ሰሌዳ ላይ ተደርድረው በጠርዙ በኩል ወደ መደርደሪያው የሚሰኩበት አሠራር ተስፋፋ። የዛሬው ካርድ የተወለደው እንዲህ ነው። ካርዱ ሲመጣ ግን ጠጋኙ አንድ ችግር ገጠመው፤ ብልሽቱ አይታይም፣ አይሰማም፣ አይሸትም። ሁሉም ካርድ ከውጭ ሲታይ አንድ ዓይነት ነው።

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ በቴክኒክ ትምህርት ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ ሊሰጠው የሚገባ ነው። በ1965 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ክፍለ ሀገር ሰከሰና በምትባል ትንሽ ከተማ ቁጥር 1 ኢኤስኤስ የተባለው በኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚመራ ማዞሪያ ሥራ ጀመረ። ንድፍ አውጪዎቹ ለራሳቸው የሰጡት ግብ ማዞሪያው በ40 ዓመት ውስጥ በጠቅላላው ከ2 ሰዓት በላይ ሥራ እንዳያቋርጥ ነበር። ይህን ለማድረስ ዋና ዋና ክፍሎቹን ሁሉ ጥንድ ጥንድ አድርገው ሠሩ፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይተካዋል። ከዚህም አልፎ መሣሪያው ራሱን በራሱ እንዲመረምርና የምርመራውን ውጤት በቁጥር መልክ በቴሌታይፕ ላይ እንዲያትም አደረጉ። ቴክኒሽያኑ የታተመውን ቁጥር ይዞ መዝገበ ቃላት ወደ ተባለው ትልቅ ጥራዝ ይሄዳል፤ በቁጥሩ አንጻር የትኞቹ ካርዶች መለወጥ እንዳለባቸው ተጽፎ ያገኛል።

እዚህ ላይ በጠጋኙ ሙያ ታሪክ ውስጥ ትልቅ መለያየት ተፈጠረ። ብልሽትን ማግኘት የማሽኑና የመዝገቡ ድርሻ ሲሆን፣ ካርዱን መለወጥ የሰውየው ድርሻ ሆነ። ካርዱን መጠገን ደግሞ ወደ ሩቅ ፋብሪካ ተላለፈ። ቀድሞ በአንድ ሰው እጅ የነበረው ሙያ ለሦስት ተከፈለ ማለት ነው። ሆኖም መዝገበ ቃላቱ ሁሉንም ብልሽት አያውቅም ነበር። የታተመው ቁጥር በጥራዙ ውስጥ ሳይገኝ ሲቀር ሥራው የመሣሪያውን አሠራር ጠንቅቆ ወደሚያውቅ ሰው ይመለስ ነበር።

4. ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ

ብርሃንን አጣምሞ መምራት እንደሚቻል በ1840ዎቹ መጀመሪያ የጄኔቫው ዳንኤል ኮላዶን፣ በ1854 ደግሞ በለንደን ጆን ቲንደል ከዕቃ በሚወርድ ውኃ አማካይነት ለተመልካች አሳይተዋል። አሌክሳንደር ግራሃም ቤልም በ1880 ድምፅን በብርሃን ጨረር ያስተላለፈ ፎቶፎን የተባለ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ነገር ግን ብርሃኑ በአየር ውስጥ ስለሚጓዝ ደመናና ጭጋግ ስለሚያግዱት ለዘወትር አገልግሎት አልበቃም።

በ1960 ቴዎዶር ሜይማን የመጀመሪያውን ሌዘር ሠራ። ስለዚህ ተስማሚ የብርሃን ምንጭ ተገኘ፤ የጎደለው መንገዱ ነበር። በ1966 በእንግሊዝ አገር ሃርሎ ከተማ በስታንዳርድ ቴሌኮሙኒኬሽን ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ቻርልስ ካኦና ጆርጅ ሆክሃም ባወጡት ጽሑፍ መስታወት ብርሃንን የሚያጠፋው በተፈጥሮው ሳይሆን በውስጡ ባለው ባዕድ ነገር ምክንያት መሆኑን አስረዱ፤ ጥፋቱም በኪሎ ሜትር ወደ 20 ዴሲቤል ከወረደ ለቴሌኮሙኒኬሽን ሊያገለግል እንደሚችል አመለከቱ። ካኦ ለዚህ ሥራው በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። በ1970 የኮርኒንግ ኩባንያ ተመራማሪዎች ሮበርት ሞረር፣ ዶናልድ ኬክና ፒተር ሹልዝ ከዚህ ወሰን በታች የሆነ ክር ሠሩ። በዚያው ዓመት በሌኒንግራድም በቤል ላቦራቶሪም በክፍል ሙቀት ሳያቋርጥ የሚሠራ የሴሚኮንዳክተር ሌዘር ተገኘ።

ለመምህራን ይህ ታሪክ የሒሳብ ትምህርት ጥሩ ምሳሌ ይሰጣል። 20 ዴሲቤል ጥፋት ማለት ከገባው ብርሃን መቶኛው ብቻ ወጣ ማለት ነው። ካኦና ሆክሃም ያመለከቱት ወሰን እንግዲህ ከ1 ኪሎ ሜትር በኋላ አንድ መቶኛ ብርሃን ማግኘት ነበር። በ1979 የጃፓን ተመራማሪዎች በኪሎ ሜትር ወደ 0.2 ዴሲቤል የሚጠጋ ጥፋት ያለው ክር ማግኘታቸውን አስታወቁ። በዚህ ክር ያንኑ አንድ መቶኛ ብርሃን ለማግኘት 100 ኪሎ ሜትር መሄድ ይቻላል። በ13 ዓመት ውስጥ ርቀቱ መቶ እጥፍ ሆነ።

በ1977 በካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች፣ በቺካጎና በእንግሊዝ አገር ኢፕስዊች አካባቢ የስልክ ጥሪዎች በመስታወት ክር መጓዝ ጀመሩ። በታኅሣሥ 1988 ታት-8 የተባለው የመጀመሪያው የአትላንቲክ የኦፕቲካል ገመድ ሲከፈት 40,000 ያህል ጥሪዎችን በአንድ ጊዜ ለማስተላለፍ የሚችል ነበር። ከታት-1 36 መስመሮች ጋር ሲነጻጸር በ32 ዓመት ውስጥ የታየው ዕድገት ከአንድ ሺሕ እጥፍ በላይ ነው።

ይህ ዕድገት ለመሣሪያ ለዋጩ ያስከተለበት ኃላፊነት ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ቀድሞ አንድ ሽቦ በስሕተት የነቀለ ጠጋኝ አንድ ደንበኛን ያስቈጣ ነበር። ዛሬ አንድ ክር በስሕተት የሚነቅል ቴክኒሽያን የአንድን ከተማ ግንኙነት ሊያቋርጥ ይችላል።

5. ሥራ ሳይቋረጥ መለወጥ

የአሜሪካ የስልክ ድርጅት በጥር 1984 ወደ ልዩ ልዩ ኩባንያዎች ሲከፋፈል የአንዱ ፋብሪካ መሣሪያ ከሌላው ጋር መግባባት ግድ ሆነ። ከዚህ ግፊት የመነጨው ሶኔት የተባለው ደረጃ ተስፋፍቶ በ1988 ኤስዲኤች በሚል ስም ዓለም አቀፍ ስምምነት ተደረሰበት። ኤስዲኤች የማስተላለፊያ ፍጥነቶችን አንድ ወጥ ከማድረጉም በላይ መሣሪያው ስለ ጤንነቱ የሚናገርበትን ቋንቋ ደነገገ። የብርሃን መጥፋት፣ የምልክት ስሕተት፣ የሩቅ ጫፍ ብልሽት፣ እያንዳንዱ የራሱ የማስጠንቀቂያ ስም አለው። ብልሽት ሲደርስ ሥራው ወደ ተጠባባቂው መስመር በ50 ሚሊ ሴኮንድ ውስጥ እንዲዛወር ደረጃው ያዝዛል፤ ይህም ዐይን እስኪገረገብ ድረስ ከሚወስደው ጊዜ ያነሰ ነው።

በዚህ ጊዜ ኃይል ሳይቋረጥ ካርድ መንቀልና መሰካት የተለመደ አሠራር ሆነ። ይህን የሚያስችለው ብልሃት ቀላል ነው። በማገናኛው ላይ ያሉት ዘንጎች ርዝመት እኩል አይደለም። ረጅሞቹ የመሬት ማያያዣ ዘንጎች ስለሆኑ ካርዱ ሲገባ መጀመሪያ ይነካሉ፣ ሲወጣም መጨረሻ ይለያሉ፤ የመልእክት ዘንጎች አጭር ናቸው። ስለዚህ ካርዱ የቱንም ያህል በፍጥነት ቢሰካ መገናኘት የሚገባው ነገር በተራው ይገናኛል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የብርሃን አመንጪውና ተቀባዩ ክፍል ከካርዱ ተለይቶ በራሱ የሚሰካ ትንሽ ዕቃ ሆነ። መጀመሪያ ጂቢክ፣ ከ2000 ወዲህም በመጠኑ ያነሰው ኤስኤፍፒ የተባለው ዓይነት በብዙ ፋብሪካዎች ስምምነት ተስፋፋ። በመሆኑም የሚተካው ነገር ከካቢኔት ወደ ካርድ፣ ከካርድ ወደ ጣት የሚያህል ዕቃ እያነሰ መጣ።

6. የቅደም ተከተሉ ምክንያት

የዛሬዎቹ የአሠራር መመሪያዎች አንድን ካርድ ለመለወጥ ረጅም ቅደም ተከተል ይዘረዝራሉ። ሠልጣኞች ይህን እንደ ጸሎት በቃላቸው ሲያጠኑ ይታያል። ነገር ግን እያንዳንዱ ትእዛዝ ከላይ ከተተረከው ታሪክ የተገኘ ምክንያት ስላለው ከነምክንያቱ ሊማሩት ይገባል።

ሀ/ ማስጠንቀቂያውን አንብቦ መመዝገብ፤ ቀጥሎም የሚነቀለው ካርድ በሥራ ላይ ያለው ነው ወይስ ተጠባባቂው ብሎ ማረጋገጥ። በሥራ ላይ ያለው ከሆነ አስቀድሞ ሥራውን ወደ ተጠባባቂው ማዛወር ያስፈልጋል። ጥንድ አድርጎ የመሥራት ዘዴ የሚጠቅመው ሰውየው ከጥንዱ ውስጥ ትክክለኛውን ሲነቅል ብቻ ነው።

ለ/ የመለዋወጫውን መለያ ቁጥር ከተበላሸው ጋር ማስተያየት። በመልክ አንድ የሆኑ ሁለት ዕቃዎች በብርሃናቸው ሞገድ ርዝመት ወይም በሚሸፍኑት ርቀት ሊለያዩ ይችላሉ። ለረጅም ርቀት የተሠራ አመንጪ በአጭር ክር ላይ ያለ ማዳከሚያ ቢገናኝ የተቀባዩን ክፍል እስከ ማበላሸት ይደርሳል።

ሐ/ ከመሬት ጋር የተያያዘውን የእጅ ማሰሪያ ማጥለቅ። ሰው በልብሱና በጫማው መፋተግ የሚፈጠረውን ስታቲክ ኤሌክትሪክ የሚሰማው ወደ 3,000 ቮልት ሲደርስ ሲሆን አንዳንድ ክፍሎች ግን ከ100 ቮልት በታችም ይጐዳሉ። ጉዳቱ ወዲያውኑ ላይታይ ይችላል፤ ካርዱ ጥቂት ወራት ሠርቶ በኋላ ሊቆም ይችላል።

መ/ ሌዘሩን ማጥፋት፣ እያንዳንዱን ክር ከመንቀል በፊት ምልክት ማድረግና ጫፉን ወዲያው መክደን። በማናቸውም ሁኔታ የክርን ጫፍ በባዶ ዐይን መመልከት የተከለከለ ነው። በእነዚህ መስመሮች የሚጓዘው 1,310 ወይም 1,550 ናኖ ሜትር ሞገድ ያለው ብርሃን ለሰው ዐይን አይታይም። ስለሆነም ጨለማ መስሎ የታየው ጫፍ ዐይንን ሊጎዳ ይችላል።

ሠ/ ካርዱን በቀጥታ ስቦ ማውጣትና ወደ መከላከያ ከረጢት ማስገባት፤ አዲሱን ከማስገባት በፊት በመደርደሪያው ጀርባ ያሉት ዘንጎች አለመጣመማቸውን መመልከት። በጉልበት የተሰካ ካርድ አንድ ዘንግ ቢያጣምም ብልሽቱ ከካርዱ ወደ መደርደሪያው ይሸጋገራል፤ መደርደሪያ መለወጥ ደግሞ ጣቢያውን በሙሉ ማቆም ነው።

ረ/ አዲሱ ካርድ ፕሮግራሙን እስኪጭን መታገሥ፣ የክሩን ጫፍ በማይክሮስኮፕ አይቶ ማጽዳት፣ የብርሃኑን ኃይል መለካት፣ በመጨረሻም የተሠራውን ሁሉ በመዝገብ ማስፈር። ብርሃን የሚያልፍበት የረጅም ርቀት ክር እምብርት 9 ማይክሮ ሜትር ያህል ብቻ ስፋት አለው፤ የሰው ጠጉር ግን ከ50 ማይክሮ ሜትር በላይ ነው። በዐይን የማትታይ አንዲት የአቧራ ቅንጣት መንገዱን ልትዘጋ ትችላለች።

7. አንድ ገጠመኝና ከእርሱ የተገኘ ትምህርት

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት ዕጩ መምህራንን ይዞ አንድ የማስተላለፊያ ጣቢያ ለመጐብኘት በሄደ ጊዜ የተመለከተው ነገር ከላይ የተነሣውን ጥያቄ በተግባር ያብራራል። በጣቢያው አንድ መሣሪያ የብርሃን መጥፋት ማስጠንቀቂያ ያሳይ ነበር። በተረኛነት የነበረው ወጣት ቴክኒሽያን መመሪያውን አንዲት ቃል ሳያጓድል ተከትሎ ተቀባዩን ካርድ ለወጠ። ቀዩ መብራት አልጠፋም። መለዋወጫው ራሱ የተበላሸ መስሎት ሌላ አምጥቶ ለወጠ፤ አሁንም አልጠፋም። በዚህ ጊዜ ዕድሜያቸው የገፋ አንድ ባልደረባው መጥተው፣ «ልጄ፣ ካርዱ እኮ የሚነግርህ ብርሃን አልደረሰኝም ብሎ ነው፤ ታመምሁ አላለህም» አሉት። የክሩን ጫፍ በማይክሮስኮፕ አይተው፣ ጠርገው መልሰው ሰኩት። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

ወጣቱ ሰነፍ አልነበረም፤ የእጅ ሥራው እንዲያውም እንከን አይወጣለትም። የጐደለው ማስጠንቀቂያውን እንደ ምስክር ቃል አድርጎ መመርመር ነው። በዚያ ቀን በጠረጴዛው ላይ «ብልሹ» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸው የነበሩት ሁለት ካርዶች ጤነኞች ነበሩ። ሽማግሌው ባይደርሱ ኖሮ ለጥገና ወደ ውጭ አገር ተልከው፣ የማጓጓዣና የምርመራ ዋጋ በውጭ ምንዛሪ ተከፍሎባቸው ብልሽት አልተገኘባቸውም ተብለው ይመለሱ ነበር። መለዋወጫ በሩቅ ፋብሪካ ለሚሠራበት አገር የዚህ ዓይነት ስሕተት የሥልጠና ጉድለት ብቻ ሳይሆን የሀብት ብክነት ነው።

በእኛ ኮሌጅ የነበረው ክርክር ከዚያ ጉብኝት በኋላ መልኩን ለወጠ። ቀድሞ የትምህርቱን ርዝመት እንከራከር ነበር፤ በኋላ ግን ለተማሪው የምንሰጠውን ፈተና መመርመር ጀመርን። በፈተናችን ላይ ካርዱ ሁልጊዜ ብልሹ እንደ ነበር ተገነዘብን። ተማሪው ሊጠራጠር የሚችልበት አጋጣሚ ከቶ አልሰጠነውም።

8. ማጠቃለያና አስተያየት

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ሥልጠናው በሙያ ደረጃዎች ላይ እንዲመሠረት አድርጓል። በዚህ መሠረት የዕቃ ክፍሎችን መተካትና መትከል እንደ አንድ የብቃት አሐድ ተወስዶ ሊሠለጠንና ሊመዘን ይችላል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ታሪኩ እንደሚያሳየው መተካት ከምርመራ የተለየው ሰው የማያስፈልግበት ሥራ ስለ ሆነ ሳይሆን ምርመራው ለማሽን በአደራ ስለ ተሰጠ ነው። ማሽኑም ሁሉን አያውቅም። ስለሆነም የሚከተሉትን አስተያየቶች ማቅረብ ይቻላል።

አንደኛ፣ ማንኛውም የመተካት ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ተማሪው ካርዱ መለወጥ ያለበት ለምን እንደ ሆነ ቢያንስ ሁለት ማስረጃ በጽሑፍ እንዲያቀርብ ይደረግ። አንዱ ማስረጃ የማስጠንቀቂያው ቃል፣ ሌላው የራሱ ልኬት መሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ በተግባር ፈተና ላይ ብልሽቱ አንዳንድ ጊዜ ካርዱ ላይ አይሁን። የቈሸሸ ጫፍ፣ ከልክ በላይ የታጠፈ ክር፣ ተለዋውጠው የተሰኩ ሁለት ጫፎች፣ የሩቁ ጣቢያ ኃይል መጥፋት ለዚህ ይበቃሉ። ይህን ለማዘጋጀት ከአገልግሎት የወጣ አንድ መደርደሪያ፣ አንድ የብርሃን ኃይል መለኪያና አንድ የክር ማይክሮስኮፕ በቂ ነው።

ሦስተኛ፣ የሒሳብና የፊዚክስ መምህራን ሎጋሪዝምን፣ የብርሃንን መንጸባረቅና መሰበር፣ ስታቲክ ኤሌክትሪክንም በሚያስተምሩበት ጊዜ ከላይ የተጠቀሱትን ምሳሌዎች ቢጠቀሙ የቴክኒክ ኮሌጁ ሸክም ይቀልላል።

አራተኛ፣ የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሥልጠናን ርዝመት ሲወስኑ የእጁን ሥራ ብቻ አይቊጠሩ። ካርድ ነቅሎ መሰካትን በአጭር ጊዜ ማስተማር ይቻላል። መቼ መንቀል እንደማይገባ ለማስተማር ግን ጊዜ ያስፈልጋል፤ የሥልጠናው ዋና ወጪም መዋል ያለበት እዚያ ላይ ነው።